በአዋሽ ኬላ ገጹ ነጭ ነው

ሂያም የሠራችው ድረ ገጽ መጀመሪያ እንዲከፈት የተወሰነው አዋሽ ላይ ነበር። ከአፋር ወደ መሀል አገር በመኪና የሚጫነው ፍየልና ግመል አብዛኛው በዚያ ያልፋል። ከከተማው መውጫ ያለችው ትንሿ የእንስሳት ጤና ኬላ መንጋውን ትመዝናለች፣ መከተቡን ታያለች፣ ያልተከተበውን ትከትባለች፣ ወረቀት ትሰጣለች። ከግንቦት አሥራ ስምንት ጀምሮ ይህ ሁሉ በድረ ገጹ ይሆናል ተብሎ ደብዳቤው ወጥቷል፣ ማኅተሙም ተመትቷል። የቀረው ገጹ አዋሽ ላይ መታየቱ ብቻ ነው።

ሂያም ሰመራ በሚገኘው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ብቸኛዋ ፕሮግራመር ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ሎጊያ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ አደገች። ሥራ ሲበላሽባት ከሰው ጋር አትጣላም፤ የምትጣላው ከስክሪኑ ጋር ነው። ደብዳቤው ሊተገበር አሥር ቀን ሲቀረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ኬላው ደወለች። ስልኩን ያነሱት የኬላው ኃላፊ ጋሽ እሸቴ ናቸው።

«ጋሽ እሸቴ፣ የላክሁልዎትን አድራሻ ከፈቱት?»

«ከፈትሁት።»

«አልሐምዱሊላህ! ምን ይታይዎታል?»

«ነጭ።»

«ነጭ ምን?»

«ነጭ ነዋ፣ ልጄ። ነጭ ደግሞ ምን ይባላል?»

ሂያም በራሷ ላፕቶፕ ከፈተችው፤ ይሠራል። በስልኳ ከፈተችው፤ ይሠራል። አለቃዋ ማርቲም በስልኳ አየችውና ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ኮምፒውተራቸውን ይቀይሩ በያቸው» አለች። «ባለፈው ዓመት አዲስ ላፕቶፕ ልከንላቸዋል እኮ።»

ጋሽ እሸቴ ላፕቶፑ እንደደረሳቸው አልካዱም። «ቆንጆ ዕቃ ነው» አሉ። «ግን ሚዛኑን አይሰማም። የሚዛኑ ገመድ ዘጠኝ እሾህ ያለው ወፍራም ነው፤ የላካችሁት ላፕቶፕ ደግሞ ዙሪያውን ባየው ባየው ቀዳዳ የለውም። ሚዛኑ የሚሰማው የኔዋን ነው። የኔዋ ዊንዶውስ ኤክስፒ ናት፤ ብራውዘሯም ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት ነው። ከዚያ በላይ አልወጣም ብላለች።»

ሂያም ስልኩን ዘግታ አሰበች። ሰውየው እውነት አላቸው። ሚዛን የሌለው የእንስሳት ኬላ ምን ያደርጋል? ገጹ ወደ ጋሽ እሸቴ ኮምፒውተር መውረድ አለበት እንጂ ኮምፒውተሩ ወደ ገጹ ሊወጣ አይችልም። ችግሩ፣ አዋሽ ሩቅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪናም መስክ ወጥቷል። እሳቸው የሚያዩትን ሰመራ ተቀምጣ የምታይበት መንገድ ግን አንድ አለ፤ ቨርቹዋል ማሽን። ላፕቶፗ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ሊኑክሱ ውስጥ ልክ እንደ እውነተኛ ኮምፒውተር የሚነሳ፣ የሚጠፋ፣ የራሱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው የውሸት ኮምፒውተር ትተክላለች፤ እዚያ ላይ ያንኑ አሮጌ ብራውዘር ታስገባለች፤ ነጩን ገጽ በዓይኗ ታያለች።

ለዚህ ግን የኤክስፒው ዲስክ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የተሰረቀውን አውርጂ ብትባልም አታደርገውም፤ የሰው ሐቅ ነው ባይ ናት። መልሳ ደወለች።

«ዲስኩ ነበረኝ» አሉ ጋሽ እሸቴ። «ሕጋዊው፣ ከነሣጥኑ። ቁጥሩ እስካሁን ኮምፒውተሯ ጎን ላይ ተለጥፏል።»

«ዲስኩስ የት አለ?»

ጋሽ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደስታው የሚባል የተሳቢ ሹፌር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት አይቶ ወደደው። ያብረቀርቃል አለኝና… ሰጠሁት።»

«የዊንዶውስ ዲስክ? ለጌጥ?»

«እኔ ዳግመኛ የምፈልገው መች መሰለኝ፣ ልጄ? ስልኩ አለኝ፤ ልስጥሽ።»

ደስታው ስልኩን ሲያነሳ ሎጊያ ነበር። ወደ ጅቡቲ እየሄደ ሁለት ጎማ ፈንድቶበት ጎሚስታ ቤት ቆሟል። ሂያም ባጃጅ ይዛ ሄደች። ፀሐይዋ ከአስፋልቱ ላይ እየነጠረች ታቃጥላለች፤ ደስታው ከተሳቢው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ተጋድሟል። ዲስኩ ከውስጠኛው ስፖኪዮ ላይ በቀይ ክር ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ይሽከረከራል።

«ለሁለት ሰዓት ብቻ አውሰኝ» አለችው።

ደስታው ተነስቶ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ይሄን ታያለሽ? ገዋኔ ሜዳ ላይ፣ በቀትር፣ ዓይኔ ሲከደን ብልጭ ብሎ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ረዳቴ ነው በይው።»

«አሁን ቆመሃል። የቆመ ሰው ቢተኛ ምን ይሆናል?»

«ጎማው ቀድሞ ካለቀስ?»

ሂያም ቦርሳዋን ከፈተች። ለባሕር ማዶ ዘመድ የሚላክ የወንድሟ የሰርግ ዲስክ ነበራት፤ እሱኑ አውጥታ በፀሐይ ላይ ዘወር ዘወር አደረገችው። «ይሄ ከዚያ ይበልጥ ያብረቀርቃል። የዛሬ ሁለት ሳምንት የተሠራ ነው።»

ደስታው ተቀብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መረመረው። ከኤክስፒው ጋር አጠጋግቶ አየ። «ይሄኛው ወርቅማ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ የሁለት ሰዓት ወሬ ቀረ፤ ሰርጉ ስፖኪዮ ላይ ወጣ፣ ዊንዶውሱ ወረደ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። ለዘመዷ ሌላ ኮፒ ማሠራት አይቸግርም።

የሂያም ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። አጎቷ ሰዒድ ግን ሎጊያ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ እዚያ ጠረጴዛ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ዲስኩ ሲገባ ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ይቀዳው ጀመር፤ ዘጠና ሦስት ከመቶ ደርሶ ቆመ። አወጡት፤ ፊቱን የሦስት ዓመት ፀሐይና አሸዋ ጭሮታል።

«አብሽሪ» አለ ሰዒድ። ከኋላ ገብቶ የጥርስ ሳሙና ይዞ መጣ።

«አጎቴ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ድሮ የፊልም ዲስክ ሳከራይ በምን የኖርሁ መስሎሻል?» ጥቂት ጠብ አድርጎ፣ ከመሀል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ አሸው፣ አጠበው፣ በሸሚዙ አደረቀው። ሁለተኛው ሙከራ ዘጠና ስድስት ላይ ቆመ። ሰዒድ ደገመው። በሦስተኛው ወፍጮው እየጮኸ እየጮኸ ድንገት ዝም አለ፤ መቶ ሞላ። ዲስኩ የናና ሽታ እየሸተተ ወጣ፤ ሂያምም ቅጂውን በፍላሽ ይዛ ሄደች።

ቅዳሜን ሂያም ቤቷ ሆና የውሸቱን ኮምፒውተር ስትተክል ዋለች። ሰመራ እንዲያ ስትሞቅ አንዱ ኮምፒውተር ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ ሁለቱን በአንድ ላፕቶፕ ማሠራትማ ጉድ ነው። ማራገቢያው ሊበር የደረሰ ይመስል ነበር። ውኃ ሞልታ ያስበረደቻቸውን ሁለት ሃይላንዶች በፎጣ ጠቅልላ የብረት ትሪ ሥር አስተኛች፣ ላፕቶፑን ትሪው ላይ አስቀመጠች፤ ማራገቢያው ተረጋጋ። ከዚያ ኤክስፒው ቁጥሩን ጠየቀ፤ ሃያ አምስት ፊደልና አኃዝ። ጋሽ እሸቴ ከኮምፒውተራቸው ጎን ተንበርክከው በስልክ ያነቡላት ጀመር።

«ኤም።»

«ኤን ነው ያሉኝ?»

«ኤም! ኤም እንደ ማርያም።»

«እሺ፣ ኤም እንደ መሐመድ።»

«ፊደሏ ያው ናት። ቀጥሎ ኬ፤ ኬ እንደ ኪዳነ ምሕረት።»

«ኬ እንደ ከድጃ። ገባኝ።»

«ቢ እንደ በዓለ ወልድ።»

«ቢ እንደ ቢላል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሃያ አምስቱንም ጨረሱ። ኤክስፒው እንግዳ ሙዚቃውን አሰምቶ አረንጓዴ ሜዳውን ዘረጋ። ሂያም በደስታ አጨበጨበች። የብራውዘሩን ሃምሳ ሁለተኛ እትም ጫነች፣ አድራሻውን ጻፈች፣ ተጫነችው።

ነጭ።

ገጽ ባዶ ሆኖ እንዲህ ደስ ያላት ቀን የለም። ምክንያቱንም ብዙ ሳትደክም አገኘችው። ለገጹ በጻፈችው ኮድ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ አዳዲስ ብራውዘሮች የሚያውቁት፣ ጥያቄ ምልክትና ነጥብ ጎን ለጎን የሚቆሙበት አጭር አጻጻፍ አለ። አሮጌው ብራውዘር ያን ሲያይ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ዘሎ አያልፍም፣ አይገምትም፤ ማንበቡን እዚያው ያቆማል። ሂያም ያን ሁሉ አሮጌው ብራውዘር ወደሚያውቀው የቀድሞ አጻጻፍ መለሰችው። ገጹ ተከፈተ፤ ግን ፊደሉ ሁሉ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ሆኖ። ኤክስፒው አማርኛ ፊደል አልተጫነበትም። ፊደሉን ከገጹ ጋር አብሮ እንዲላክ አደረገች። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ወደ «ፍየል»፣ «ግመል»፣ «ክትባት» ተለወጡ።

ሰኞ ጠዋት በኩራት ደወለች። «ጋሽ እሸቴ፣ አሁን ይክፈቱት።»

አይጧ ስትንቋቋ ይሰማል።

«ነጭ ነው» አሉ።

«ሊሆን አይችልም!»

«ልጄ፣ እኔ ነጭን ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ።»

ሂያም ሰኞንና ማክሰኞን ከስክሪኑ ጋር ስትጣላ ዋለች። ያው ኤክስፒ፣ ያው ብራውዘር፣ ያው ቁጥር፤ የእሷው ይሠራል፣ የእሳቸው ነጭ ነው። ረቡዕ ወደ ማርቲ ገብታ «እሄዳለሁ» አለች። ማርቲም «በምን?» ስትላት «በዶልፊን» ብላ ወጣች።

ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተሳፈረችበት ዶልፊን ሚኒባስ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ የመልካ ወረርን መገንጠያ አልፎ ቀትር ላይ አዋሽ አደረሳት። ኬላው ሁለት ክፍል ነው፤ ደጁ ላይ ፍየል የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች ቆመዋል፣ በረንዳው ላይ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ጋሽ እሸቴ እንዳሰበቻቸው የደከሙ ሽማግሌ አልነበሩም። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ የተሰካበት፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሏት፣ የራሳቸውን ወንበር ሰጧት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጡላት።

«እንግዲህ ነጩን እይ» አሉ።

ሂያም አየች። ነጭ ነው፤ እውነት ነው። መሀሉ ላይ ግን ስድስት መስመር እንግሊዝኛ ተጽፎበታል።

«ጋሽ እሸቴ! ጽሑፍ አለበት እኮ!»

«አለበት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅሽኝ ገጽሽ ይታይ እንደሆነ ነው። አይታይም። ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው እንዴ?»

ሂያም አነበበችው። የኮምፒውተሩ ቀን ልክ ስላልሆነ የገጹን መታወቂያ ማመን አልቻልሁም ይላል። «ያነበቡት አይመስለኝም» አለች።

«አንብቤዋለሁ። ቀኑ ልክ አይደለም ይላል። ተሳስቷል።» ጋሽ እሸቴ በጣታቸው የስክሪኑን ቀኝ ጥግ ነኩ። «ቀኑ ልክ ነው። ዛሬ ግንቦት አሥራ አራት ነው፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ይኸው፤ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

ሂያም አፏን በእጇ ያዘች። ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል። ዘጠነኛው ወር ለእሳቸው ግንቦት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን መስከረም ላይ የሚውል የፈረንጅ ወር ነው፤ ያውም ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት። የገጹ መታወቂያ ደግሞ ዘንድሮ የወጣ ነው፤ ለዚያ ኮምፒውተር ገና አልተወለደም። የእሷ ቨርቹዋል ማሽን ይህን ሊያሳያት አይችልም ነበር፤ ቀኑን የሚወስደው ከእሷው ላፕቶፕ ነው። ሳቋ አመለጣት።

ጋሽ እሸቴ አልሳቁም። «ሳቂ፣ ግድ የለም። ግን በቀልድ ያደረግሁት አይደለም» አሉ። «የሚዛኑ ፕሮግራም ወረቀቱ ላይ የሚያትመው ቀን ከዚህች ጥግ ነው የሚወስደው። ሁለት ሺህ አሥር ላይ ቀኗ በፈረንጅ ነበር። ሀምዳ የምትባል ነጋዴ ሠላሳ ፍየል ጭና ወረቀቴን ይዛ ሄደች። ቀጥሎ ባለው ኬላ ያለ ሰው ወረቀቱን አየና ምን አላት? "እነዚህ ፍየሎች የሚከተቡት ገና ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ሲከተቡ ተመለሺ።" ፍየሎቹ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሙ። አራቱ ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኑን እንደ አገሩ አደረግሁት።»

የሂያም ሳቅ ጠፋ። «ግን ወሮቹ እኮ አይገጥሙም» አለች ለስለስ ብላ። «ሠላሳ አንድ ሲሆንስ?»

«በማግስቱ አንድ ብዬ አስተካክላለሁ።»

«የካቲትስ? አይ፣ የካቲት ስድስተኛ ወር ነው፤ ኮምፒውተሩም ላይ ስድስተኛው ሠላሳ ስለሆነ ይገጥማል። የካቲት ሳይሆን ጥቅምት! ሁለተኛው ወር ኮምፒውተሩ ላይ ሃያ ስምንት ነው።»

«ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ወረቀቱን በእጄ እጽፋለሁ።»

«ጳጉሜንስ?»

«ጳጉሜንም በእጄ።» ጋሽ እሸቴ ቀና አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳትሁም። ያንቺ ገጽስ ወረቀቱ ላይ ምን ቀን ነው የሚያትመው?»

ገጹ የሚያትመው የፈረንጁን ቀን ነው። ገጹ እንዲሁ ግንቦት አሥራ ስምንት ሥራ ቢጀምር ኖሮ የአዋሽ ፍየል ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ስምንት ዓመት ይሄድ ነበር።

«ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?» አሉ ጋሽ እሸቴ፤ አሁን ፈገግ ብለዋል።

ሂያም ላፕቶፗን አወጣች። ቨርቹዋል ማሽኑን አስነስታ ቀኑን እንደ እሳቸው አደረገችው፤ ያው ስድስት መስመር እንግሊዝኛ ብቅ አለ። ጋሽ እሸቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተጠጉ።

«ይቺ የኔዋ አይደለችም እንዴ? እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ቅጂዋ ናት። የእርስዎ ስትታመም እዚህች ላይ ነው የምመረምረው።»

«እሷን ሳትነኪ?»

«እሷን ሳልነካ።»

ነገሩ በጣም ደስ አላቸው። ወንበር ስበው ጎኗ ተቀመጡ። ሂያም ቀኑን ገጹ ራሱ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ እንዲያትም መጻፍ ጀመረች፤ እሳቸውም ከጎኗ ሆነው ይፈትኗታል። መስከረም አንድን አስገቢ ይላሉ፤ ታስገባለች። በአራት ዓመት አንዴ መስከረም አንድ በፈረንጅ በአንድ ቀን ይዘገያልና እሱን ዓመት አስገቢ ይላሉ፤ ገጹ ተሳሳተ፤ አስተካከለች። ከዚያ የወር መምረጫውን ጠቅ አድርጊ አሏትና በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«አሥራ ሁለት ነው» አሉ። «ጳጉሜን የታለች?»

«ያ ረቢ!» አለች ሂያም ግንባሯን ይዛ። አሥራ ሦስተኛውን ወር ጨመረች። ጳጉሜን ስድስትን ሞከሩ፤ ጳጉሜን ሰባትን ሲሞክሩ ገጹ እምቢ አለ፤ ጋሽ እሸቴም ለመጀመሪያ ጊዜ «ጎሽ» አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ተጠናቀቀ። የቀረው የእውነተኛዋ ኮምፒውተር ቀን ነው። ሂያም እጇን ወደ አይጧ ስትሰድ ጋሽ እሸቴ ከለከሏት። «እኔ ነኝ ያዞርኋት፣ እኔ ልመልሳት» ብለው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ራሳቸው ቀየሩ። ሲጨርሱ ለአፍታ ቆዝመው አዩዋት፤ ከዚያ አድራሻውን ጻፉ። ገጹ ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ የፍየሉን ሥዕል ይዞ ወጣ።

«ነጭ አይደለም» አሉ።

በረንዳው ላይ ከሚጠብቁት መካከል አንዷ ራሷ ሀምዳ ናት፤ አርባ ሁለት ፍየል ጭናለች። ፍየሎቹ ተከተቡ፣ ተመዘኑ፤ ጋሽ እሸቴ ክብደቱን እያነበቡ ገጹ ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱ እየተንሿሿ ከአታሚው ወጣ። ሀምዳ ሻሿን አስተካክላ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ ስሟን ሳይሆን መጀመሪያ የፈለገችው ቀኑን ነው። በጣቷ ተከትላ «ግንቦት አሥራ አራት… ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት» ብላ አነበበች።

«የተከተቡት መች ነው?» አሏት ጋሽ እሸቴ።

«ዛሬ ነዋ!» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ሂያም ያን ቀን አዋሽ አደረች። ዓርብ ሰመራ ስትመለስ ማርቲ በሩ ላይ አገኘቻት። «ምን ነበር ችግሩ?» ስትላት ሂያም ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት። ማርቲ እስኪያልባት ሳቀች፤ ስለ አራቱ ፍየሎች ስትሰማ ግን ሳቁን ትታ ማስታወሻዋን አውጥታ «ገጹ ለሌላ ኬላ ከመከፈቱ በፊት ጋሽ እሸቴ ይዩት» ብላ ጻፈች።

ቀጣዩ ተረኛ የጭፍራ ኬላ ነው። ሂያም ስልኳን አንስታ እዚያ ላሉት ኃላፊ ደወለች። ስለ ገጹ አላነሳችም፤ ስለ ብራውዘሩም አልጠየቀችም።

«ይቅርታ፣ ኮምፒውተርዎ ጥግ ላይ ያለው ዓመት ስንት ይላል?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነዋ» አሉ ሰውየው በመገረም። «እናንተ ጋ ስንት ነው?»